ይሳባል እንጂ አይነፋም

አሶሳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ዋኘው፣

«እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። እንዴት እንደሰነበቱ ደብዳቤዎን ያመጣልኝ ሹፌር ሙርሳል ነግሮኛል። ከአጥርዎ እስከ መኪናው ድረስ ሦስት ጊዜ ቆመው ነበር አለኝ። እርስዎ ግን «ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው» ብለው ጽፈዋል። ስልኩን ትተው ወደ ወረቀት የዞሩት ትንፋሽዎ ሲቆራረጥ እንዳልሰማው ብለው መሆኑን የማላውቅ ይመስልዎታል? ሠላሳ ዓመት በምርምር ማዕከሉ የዘር መጋዘን ውስጥ የአኩሪ አተር ብናኝ ሲውጡ ኖረው፣ አስሙን ለአንድ ልጅዎ ለእኔ አውርሰው፣ ዛሬ ጉንፋን ነው ይሉኛል። ይሁን። ደብዳቤዎን እወደዋለሁና ይጻፉ፤ እኔም እጽፋለሁ።

ለጠየቁኝ ልመልስ። ሆስፒታል የሰጡዎት ሁለቱ መድኃኒቶች እኔም የምወስዳቸው ዓይነት ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ። ሰማያዊው ያፈነዎት ጊዜ ነው፤ ሁለቴ ይንፉ። ቡናማው ግን ቢያፍንዎትም ባያፍንዎትም ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ ይነፋል። ሥራው ቶሎ አይታወቅም፣ ውሎ አድሮ ነው። «ምንም አልረባኝም» ብለው እንዳይጥሉት።

አሁን ደግሞ ያልጠየቁኝን ልንገርዎ። ሦስት ወር ሆነኝ። አዎ፣ አያት ሊሆኑ ነው። ሐኪሟ ለሚያዝያ መጨረሻ ነው ያለችኝ። ባለቤቴ አምላኩ ጉባ ግድቡ ላይ ሥራ ስለሚይዘው የሚመጣው በወር አንዴ ነው፤ ቢሆንም ብቻዬን አይደለሁም። አከራዬ እማማ ሂባ ሳልነግራቸው አውቀው ኖሮ፣ አንድ ቀን የውኃ ጀሪካኑን ከእጄ ነጥቀው ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካን አንሥቼ አላውቅም። ለእርስዎ እስክነግር ሦስት ወር የቆየሁበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን ግን አይጠይቁኝ።

ልጅዎ ብሩክታይት


ፓዌ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክታይት፣ የእኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን አንዴ በዓይኔ፣ አንዴ ጮክ ብዬ፣ አንዴ ደግሞ በእናትሽ ፎቶግራፍ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ሸዋሉል ብትኖር ሰፈሩን በእልልታ ታናውጠው ነበር። እሷ ስለሌለች እልልታው በእኔ ላይ ወደቀ። ወንድ እልል አይልም ሳልል ሞከርኩት፤ መሃል ላይ አፈነኝና ተቀመጥኩ። የቀረውን አንቺ ጨርሺው።

መድኃኒቱን በሚመለከት ያዘዝሽኝን አንድም አላጎደልኩም። ባፈነኝ ቁጥር ሰማያዊውን አፌ ላይ እገጥምና ባለኝ ኃይል ሁለቴ እነፋለሁ፤ ጉንጬ ተወጥሮ እስኪያመኝ። ከላይ ያለችውን ቆርቆሮ ስጫናት ጉም ነገር ብን ብሎ ይወጣና ጺሜ ላይ ያርፋል። ይኸው ሁለት ሳምንት እየነፋሁ ነው። ጺሜ በጣም ደህና ነው፤ እኔ እንደ ነበርኩ ነኝ። ምናልባት መንፋት የለመደ ሰው ይፈልግ ይሆናል፤ እኔ የእድር ጥሩንባ እንኳን ነፍቼ አላውቅም።

ቡናማው እንዳለ አለ። አልከፈትኩትም፤ ሳጥን ውስጥ አድርጌ ቆልፌበታለሁ። ደግ ነገር ለክፉ ቀን ነው። የሰባ ሰባቱን ረሃብ አይቶ ከወሎ እዚህ የመጣ ሰው፣ ጥሩ ዘር እጁ ሲገባ ወዲያው አይቆረጥመውም። ክፉ ቀን የመጣ ዕለት አውጥቼ ደህና አድርጌ እነፋዋለሁ።

አንቺስ? ሁለት ነፍስ ሆነሽ መድኃኒትሽን እንዴት እያደረግሽ ነው? ይህንን ሳትመልሺ እንዳትቀሪ። ሦስት ወር ለምን ዝም እንዳልሽ አትጠይቀኝ ስላልሽ አልጠየቅሁም፤ ግን ሳስበው ነው የምውለው። እማማ ሂባን አባቴ እጅ ነሥቷል በያቸው፤ በጀሪካኑ በጣም ደስ ብሎኛል።

አባትሽ ዋኘው


አሶሳ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጺምዎ ጋ ስደርስ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ቡናማው ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ሰው ሁሉ «የሚነፋው» ስለሚለው እኔም ሳላስብ «ይንፉ» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛ እያስተማርኩ እንጀራ የምበላ ሰው በአንድ ግሥ አባቴን ላጣ ነበር።

የሚነፋው መድኃኒቱ ነው። እርስዎ ይስባሉ። መጀመሪያ ነቅነቅ ያድርጉት። አየሩን ቀስ ብለው ወደ ውጭ አስወጥተው ይጨርሱ፣ አፍዎ ላይ ይግጠሙት፣ ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑት፣ ቀስ እያሉ መሳቡን ይቀጥሉ፣ ከዚያ እስከ ዐሥር ቆጥረው ትንፋሽዎን ይያዙ። ሁለተኛውን ትንሽ ቆየት ብለው። እጅና ትንፋሽ አልገጥም ካለዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ አብሮኝ የተማረው ኦሊያድ እዚያ ነርስ ነው። በፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ እንዴት እንደሚወሰድ ያሳይዎታል። ሲያሳይዎት ደግሞ «ገባኝ» ብለው ብድግ አይበሉ፤ እፊቱ ይውሰዱና ይይዎት።

ቡናማውን ዛሬውኑ ከሳጥን ያውጡት። እሱ የክፉ ቀን አይደለም፤ ክፉ ቀን እንዳይመጣ ነው። ከወሰዱ በኋላ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለበለዚያ ምላስዎ ነጭ ይለብሳል። እዚህ ትርፍ ስለነበረኝ ሁለት ቡናማ በሙርሳል ልኬአለሁ። የእርስዎ ሲያልቅ ይሆንዎታል።

እኔ ደህና ነኝ። ከከተማው ዙሪያ ሣር ማቃጠል ተጀምሯል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በጭሱ ውስጥ ቀልታ ነው የምትታየው። የፈተና ወረቀት ስለተከመረብኝ አላስረዝምም። ይቅር ይበሉኝ።

ብሩክታይት


ፓዌ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ብሩክታይት፣

ኦሊያድ ጋ ሄድኩ። የጺሜን ታሪክ ስነግረው ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ የውኃ ጠርሙስ አነሣ፣ ቂጡን በጋለ ሽቦ በመድኃኒቱ አፍ ልክ በሳው፣ ሰማያዊውን ከበስተኋላ ሰካበት። በጠርሙሱ አፍ በኩል ስስብ መጀመሪያ ምንም የለም ብዬ ነበር። ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ቆይቶ ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ተነሣልኝ። ልጄ፣ አየር ይህን ያህል ብዙ መሆኑን ረስቼው ነበር። «አሁን እፊቴ ደግመው ያሳዩኝ» አለኝ፤ አንቺ ነግረሽው ነው መሰለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ቡናማውንም ከሳጥን አወጣሁት። ግን ጾመ ነቢያት ውስጥ ነንና ችግር ገጠመኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ወደ አፌ አላደርስም፣ አንቺ ደግሞ ተጉመጥመጥ ብለሻል። ስለዚህ የጠዋቱን እየዘለልኩ የማታውን ብቻ ስወስድ ሰነበትኩ። ኦሊያድ ይህን ሲሰማ «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ንስሐ አባቴ ላከኝ። ቄስ ምንይሉ፣ የሚተፋ ውኃ ጾም አይሽርም፣ ደግሞ የታመመ ሰው ስለ መድኃኒት ሲል ቢውጥስ ማን ይፈርድበታል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን አልዘለልኩም። ዛሬ ከቤቴ እስከ ወፍጮ ቤት የቆምኩት አንዴ ብቻ ነው።

አሁን ወደላክሻቸው ሳጥኖች ልምጣ። የዘር መጋዘን ሰው መለያ ወረቀቱን ሳያነብ ከረጢት አይፈታም። በሁለቱም ላይ ስምሽ አለ። ብሩክታይት ዋኘው፣ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። አንዱ የነሐሴ ነው፣ አንዱ የጥቅምት። ሁለቱም አልተከፈቱም። አንዱ ስንት ቀን ይበቃል ብዬ ኦሊያድን ብጠይቀው ሃምሳ ቀን አለኝ። ይህ ትርፍ አይደለም ልጄ። ያልወሰድሽው ነው።

በሙርሳል መልሼ ልኬልሻለሁ። በሰው ስም የታዘዘ መድኃኒት ለሌላ ሰው አይሆንም፣ የአንቺና የእኔ መጠን እንኳን ይለያያል ብሏል ኦሊያድ።

ደብዳቤ ሲር ሲር አይልም፤ ለዚህ ነበር የወደድኩት። እኔ በወረቀት እንደተደበቅሁብሽ አንቺም ተደብቀሽብኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን መድኃኒቱ ራሱ ተደበቀ። እየወሰድሽ ነው ወይስ አይደለም? አንድ ቃል ይበቃኛል።

አባትሽ


አሶሳ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። የጠርሙሱን ነገር ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቄስ ምንይሉን በእኔ ስም ያመስግኑልኝ።

ሳጥኖቹ ደርሰውኛል። አባባ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ደረቴን አውቀዋለሁ። የማደርገውን የማደርገው በምክንያት ነው። እባክዎ ስለዚህ ነገር ደግመው አይጻፉልኝ፤ የእርስዎን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጁ መራገጥ ጀምሯል። ሙርሳል ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ብሩክታይት


ፓዌ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክታይት፣

አንድ ቃል ለመንኩሽ። ብዙ ጻፍሽ፣ እሷ ግን የለችበትም።

የእርስዎን ብቻ ይጻፉልኝ ስላልሽ የእኔን ልጻፍልሽ። ከዛሬ ጀምሮ ቡናማውን አቁሜአለሁ። አንቺ የጀመርሽ ዕለት እጀምራለሁ። እኔም ምክንያት አለኝ፤ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ደረቴን አውቀዋለሁ።

የአኩሪ አተር ውቂያ ላይ ነን። ነፋሱ ብናኙን እስከ ደጃፌ ያመጣዋል።

አባትሽ ዋኘው


አሶሳ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ምን አደረጉ? ይህ ወረቀት እጅዎ በገባበት ሰዓት፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳያነቡ ሄደው ቡናማውን ይውሰዱ። ከዚያ ተጉመጥምጠው ይምጡና ያንብቡ።

ወስደዋል? እሺ። ያቺ የለመኑኝ ቃል ይህቺውና፦ አልወሰድኩም። ከነሐሴ ጀምሮ አንድም ቀን።

ያምና መጋቢት ላይ ሁለት ወር ተኩል ሆኖኝ ነበር። ወረደብኝ። ከአምላኩና ከአንዲት ጓደኛዬ በቀር ማንም አያውቅም። ለእርስዎ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ወረቀት አወጣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እንደምን ሰነበቱ» ላይ ቆምኩ። ያን ጊዜ መድኃኒቴን ጠዋት ማታ አንድ ቀን ሳላጎድል እየወሰድኩ ነበር። ባዮሎጂ የምታስተምረው ጓደኛዬ ደራርቱ ልታጽናናኝ መጣች። እያለቀሰች ነበር። «ያ ቡናማው ስቴሮይድ አለበት አይደል? ምናልባት እሱ ይሆናል» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ምክንያት ባገኝ የሚቀለኝ መስሏት ነው። እኔም ምክንያት ፈልጌ ነበርና ይዤው ቀረሁ።

ስለዚህ ይሄኛው ሲመጣ ቡናማውን ተውኩት። ማንም እንዳይጠረጥረኝ ከፋርማሲ አወጣለሁ፤ አልከፍተውም። ሰማያዊውንም የምነካው ሲጨንቀኝ ብቻ ነበር። ለእርስዎ ደግሞ እንዴት እንደሚሳብ እየዘረዘርኩ እጽፋለሁ። ሳላፍር።

ባለፈው ረቡዕ ጭሱ በረታ። እማማ ሂባ በግድግዳው በኩል ሰሙኝና ገቡ። «ብሩክታይት፣ አንተ ደረት ውስጥ ድመት አለ» አሉኝ። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱም ወንዱም ለእሳቸው አንተ ነው። ነጠላዬን አልብሰው፣ ባጃጅ አስቁመው፣ እጄን ሳይለቁ ሆስፒታል አደረሱኝ። እዚያ የሆነውን አልጽፍልዎትም። አሁን ቤቴ ነኝ፣ ልጁም ይራገጣል።

ሐኪሟ፣ ልጁን የሚያሰጋው መድኃኒቱ ሳይሆን የእኔ መታፈን ነው አለችኝ፤ እኔ አየር ሲያጥረኝ እሱም ያጥረዋል። ያምናውም በመድኃኒቱ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ቡናማውን ዛሬውኑ ጀምሪ አለችኝ። በጭንቅላቴ አምኛታለሁ። እጄ ግን ሳጥኑ ጋ ደርሶ ይመለሳል። አባባ፣ ብወስደውና ይሄም ቢሄድብኝ፣ ከራሴ ጋር እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?

እርስዎ ግን እንዳያቆሙ። እለምንዎታለሁ። ሁለት ሰው በአንዴ ልፈራ አልችልም።

ልጅዎ


ፓዌ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ዓለሜ፣

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልናዘዝ። አላቆምኩም፤ ዋሸሁሽ። ላቆም አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ኦሊያድ ጋ ሄጄ ሐሳቤን ስነግረው «እሷን ለማዳን ብለው እርስዎ ቢሞቱ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ተቆጣኝ። ስለዚህ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ውሸቱን ላክሁልሽ። ለቄስ ምንይሉ ነግሬአቸው መቶ ስግደት ሰጡኝ። በሦስት ቀን ጨረስኩት፣ ሳያፍነኝ። ቡናማው ለንስሐም ይረዳል በያት ለሐኪምሽ።

ብቻሽን ስላለፍሽው ነገር ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ደብዳቤሽን ይዤ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ብትነግሪኝ ኖሮ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጥ ነበር፤ ሌላ የማውቀው ነገር ባይኖርም መቀመጥ አውቃለሁ።

አሁን እኔም ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጃችን አንቺ አይደለሽም። ከአንቺ በፊት ሁለት አጥተናል፤ አንዱን በሰባ ዘጠኝ፣ አንዱን በሰማንያ አንድ። ሁለቱም ሳይወለዱ። ነግረንሽ አናውቅም፣ ለምን እንደደበቅንሽም አላውቅም፤ ጊዜው ሲያልፍ ቃሉ አብሮ ጠፋ። ያን ጊዜ እዚህ መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። እናትሽ አንድ ፍሬ ኪኒን አልዋጠችም። የሚሳብም የሚነፋም በዓይኗ አላየችም። ያም ሆኖ ሄዱብን።

እናትሽ ግን ምክንያት ፈለገች፤ ሰው ነችና። ሁለተኛው በሄደብን ሳምንት ጎመን በልታ ነበር። ጎመኑ ነው አለች። እኔ፣ ጎረቤቱ፣ አዋላጇ፣ ሁላችንም ብንነግራት አልሰማችንም። አንቺን ስታረግዝ ጎመን በደጃፏ እንዲያልፍ አትፈልግም ነበር። አንቺ ከተወለድሽ በኋላም፣ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ጎመን ወደ አፏ አላቀረበችም። እኔ ደግሞ ጎመን እወድ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ነው የበላሁት።

ልጄ፣ ጎመኑ ምንም አላደረገም። ቡናማውም ምንም አላደረገም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እናትሽ የተወችው ጎመን ነው፣ ሰው ያለ ጎመን ይኖራል። አንቺ የተውሽው ትንፋሽሽን ነው።

ብወስደውና ቢሄድብኝ ከራሴ ጋር እንዴት እኖራለሁ ላልሽኝ፣ አስቤ አስቤ አንድ መላ አገኘሁ። መጋዘን ሳለሁ ዘር ሲወጣ ኃላፊነቱ በፈረመው ሰው ላይ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን ቆርጠሽ ከሳጥኑ ጋር አስቀምጪው።

«እኔ ዋኘው፣ ልጄ ብሩክታይት ሐኪሟ ያዘዘችላትን ቡናማ መድኃኒት ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እንድትስብ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ለሚመጣው ሁሉ ተጠያቂው እኔ እንጂ እሷ አይደለችም። ፊርማ፦ ዋኘው።»

አሁን የአንቺ ድርሻ መሳብ ብቻ ነው። መፍራቱን ለእኔ ተዪልኝ፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

አባትሽ


አሶሳ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።

የመጀመሪያውን ጠዋት ወረቀትዎን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እማማ ሂባ ከፊቴ በርጩማ ላይ ነበሩ። እኔ ስስብ እሳቸውም አብረውኝ ሳቡ፤ እኔ ትንፋሼን ስይዝ እሳቸውም ያዙ፤ እስከ ዐሥር በአረብኛ ቆጠሩልኝ። «አየህ? ልጅ አልሄደም» አሉኝ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተጉመጠመጥኩ።

ዓርብ ሐኪሟ ጋ ተመልሼ ነበር። አወሳሰድሽን አሳዪኝ አለችኝ። አባቷን በደብዳቤ ያስተማረች ሴት፣ በኩራት አሳየኋት። ሁለት ስህተት አገኘችብኝ፤ ቶሎ እስባለሁ፣ ትንፋሼንም እስከ አራት ብቻ ነው የምይዘው። ዐሥራ አምስት ዓመት እንደዚያ ስወስድ ማንም አይቶኝ አያውቅም። ደራርቱም አብራኝ ነበረች። ሐኪሟን ራሷ ጠየቀቻት፣ መልሱን ሰማች፣ ስንወጣ እስከ ቤቴ ቦርሳዬን ተሸከመችልኝ። ይቅር ብያታለሁ፤ እሷ ግን ገና ራሷን አላለችም።

እናቴ ጎመን የማትበላው ሆዷን ስለሚነፋት ይመስለኝ ነበር። ስለ ሁለቱ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አሁን ሳስባት ሌላ ሴት ሆናብኛለች፤ ይበልጥ የእኔ።

ፍርሃቱን ለእርስዎ ልተው ሞክሬ ነበር። ሁሉንም አልላክሁም፣ ግማሹን ያህል ይሆናል።

ብሩክታይት


ፓዌ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ግማሹ ፍርሃትሽ ደርሶኛል፤ ክብደቱ ደህና ነው። ቀሪውንም ብትልኪው ቦታ አለኝ።

ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ፣ ቡናማውን አልዘለልኩም። በከሰል ግድግዳው ላይ እንደ ከረጢት ቆጠራ አምስት አምስት እያደረግሁ እሰምራለሁ፤ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ኦሊያድ ጋ እሄዳለሁ። ሰማያዊውን በዚህ ወር የፈለግሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሆሳዕና እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሳልቆም ሄድኩ። ሰው ሁሉ «አቶ ዋኘው ምን በላ» ይላል። ምንም አልበላም፣ ጾም ነው፤ ሳብኩ እንጂ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እመጣለሁ። ሙርሳል ከፊት ወንበር አስይዞልኛል፤ የጉባን መንገድ አቧራ ፈርቼ ጨርቅም ጠርሙሴም ተዘጋጅተዋል። ለውዝ፣ ማር፣ የእናትሽን ጋቢ ይዣለሁ። ሌላ የምትፈልጊው ካለ ጻፊልኝ። እስክመጣ ቆዩኝ ልል አሰብኩና ተውኩት፤ በዚህ ነገር የሚታዘዝ ማንም የለም።

አባትሽ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ጽሕፈቴን ይታገሡኝ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ሙርሳል ይህን ሲሰጥዎት ዕቃዎን ጭነው ይሆናል። ትናንት ረፋድ ላይ ተገላገልኩ። ሴት ናት። አምላኩ ከጉባ ደርሷል። እማማ ሂባ ከአልጋዬ ጎን ቆመው ማንም ነርስ የማያዛቸውን ሥራ ሁሉ ይሠራሉ።

ምጡ መሃል ላይ አንዴ አፈነኝ። ከእንግዲህ ስለማልደብቅዎት ነው የምጽፈው። ሰማያዊው ከትራሴ ሥር ነበር፣ ለሐኪሞቹም አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር። ቀስ ብዬ ሳብኩ፣ ቆጠርኩ፣ ደገምኩ። አለፈልኝ።

ከዚያ ወጣች፤ ዝም አለች። ዝምታው ምን ያህል እንደቆየ ሰዎቹ አይስማሙም። አምላኩ «ትንሽ ጊዜ ነው» ይላል። እኔ ግን ነሐሴን፣ መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ያልከፈትኳቸውን ወራት ሁሉ አንድ በአንድ አለፍኳቸው። እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። የእርስዎ ፊርማ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እሱም አልያዘኝም።

ከዚያ ጮኸች። አባባ፣ ጩኸቷ ረጅም ነው። አዋላጇ ሳቀች፣ ይህቺስ ሳንባ አላት አለች። አምላኩ ደንግጦ ሊያባብላት ተነሣ፤ እጁን ያዝኩት።

«ተዋት» አልኩት። «ትንሽ ትጩኽልኝ፤ ልስማት።»

ልጅዎ ብሩክታይት